ቼክ ኢንጂን የበራበት መኪና በደብረ ማርቆስ፦ የአንድ ጋራዥ አገልግሎት ግምገማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ እንኳ የሌለው አንድ አነስተኛ ጋራዥ አለ። ባለፈው ክረምት መኪናዬን ሦስት ጊዜ ወስጄበታለሁ። እዚህ የምገመግመው የጋራዡን ሥራ ሁሉ ሳይሆን አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ዳሽቦርድ ላይ የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫ መብራት፣ በተለምዶ ቼክ ኢንጂን የምንለው፣ ሲበራ መንስኤውን ፈልጎ የማግኘትና የማስተካከል ሥራ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ጋራዡ ቀርፋፋ ነው፣ ደረሰኝ ሳይጠየቅ አይሰጥም፣ ስልክ አይነሣበትም። ቢሆንም ይህ መብራት የበራበት ዘመድ ቢኖረኝ ያለ ማመንታት ወደዚያ እልከዋለሁ። ምክንያቴም ባለ ጋራዡ ገንዘብ የሚቀበሉት ችግሩን ስላገኙ እንጂ ዕቃ ስለቀየሩ አለመሆኑ ነው። የምርመራ ዋጋቸው ለብቻው የተቆረጠ ነው፤ መለዋወጫ አይሸጡም፣ ከሻጭ ጋርም አያደራድሩም። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት የሥራውን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጠው ከዚህ በታች የምተርከው ነገር ያሳያል።

መኪናዬ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራች የ2003 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ያሪስ ናት፤ 1300 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ለየትኛው ገበያ እንደተሠራች መጥቀሴ ያለ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ የቤንዚን መኪኖችን በተመለከተ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አምራቾች ሁሉ የመኪናው ኮምፒውተር የሚነበብበት ባለ 16 እግር አንድ ዓይነት መሰኪያና አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ እንዲጠቀሙ ሕግ አስገድዷል። ስለዚህ የኔዋን መኪና ማንኛውም ርካሽ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ያነጋግራታል። በዚያው ዘመን ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩትና አገራችንን የሞሉት ቪትዞች ግን መሰኪያቸው በመልክ ተመሳሳይ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ለርካሽ ማንበቢያ መልስ አይሰጡም። የቪትዝ ባለቤት የሆናችሁ አንባቢዎች፣ «መኪናው ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ከመባላችሁ በፊት መሣሪያው የጃፓኑን ቋንቋ የሚያውቅ መሆኑን ጠይቁ።

መብራቱ የበራው በሐምሌ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ስመለስ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወርጄ፣ በጃፓን ዕርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሬ፣ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ዝናቡ መስኮት አያሳይም ነበር። ከድልድዩ እስከ ደጀን አፋፍ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሚወጣ ሞተሩ ሙሉ ሸክሙን ተሸክሞ ለረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ደካማ ዕቃ ያለበት መኪና የሚጋለጠውም እዚያ ነው። መብራቱ መጀመሪያ ዝም ብሎ በራ፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጥ ደግሞ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ መኪናዋም እንደሚያነክስ በቅሎ ትናጥ ጀመር። ብልጭ ድርግም ማለቱ ምን እንደሚነግረኝ ያኔ ባውቅ ኖሮ ዳር ይዤ እቆም ነበር። መብራቱ ሳይርገበገብ ሲበራ «በቅርቡ አስመርምረኝ» ማለቱ ነው፤ ሲርገበገብ ግን አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታው በኩል የጭሱን መርዝ ወደሚያጣራው ካታላይዘር እየሄደ፣ እዚያ ውስጥ እየነደደ ነው ማለት ነው። የካታላይዘሩ የሸክላ ወንፊት በዚህ ሙቀት ሊቀልጥ ይችላል፤ ዋጋው ደግሞ በመኪናዋ ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ከውዶቹ ወገን ነው። እኔ ግን «ደጀን እስክደርስ ታገሺኝ» እያልኩ ዳገቱን ጨረስኩት። የዚህ ጥፋት ዕዳ ኋላ ላይ ይመጣል።

ደብረ ማርቆስ ሳልደርስ በመንገዴ ላይ ባገኘሁት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ጋራዥ ቆምኩ። መሣሪያ ሰኩ፤ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሄዷል፤ ደግሞም ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው» ተባልኩ። ያገለገለ ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚያይ ዕቃ) ገጠሙ፣ ኮዱን አጠፉ፣ ከእጅ ዋጋ ጋር 9,500 ብር ከፈልኩ። መብራቱም ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ግን ለለቅሶ ወደ አማኑኤል ስሄድ ተመልሶ በራ። በዚያ ጋራዥ የተነበበው ኮድ ፒ0171 ነበር። የኮዱን አፈታት ማወቅ ለማንም ባለ መኪና ይጠቅማልና ላብራራው፤ ፒ ጉዳዩ የሞተርና የካምቢዮ ወገን መሆኑን፣ ዜሮው ኮዱ በሁሉም አምራቾች ዘንድ አንድ ትርጉም ያለው መሆኑን፣ ቀጥሎ ያለው አንድ ቁጥር ደግሞ የነዳጅና የአየር መጠን ጉዳይ መሆኑን ይናገራል። ጠቅላላ ትርጉሙም «ድብልቁ አየር በዝቶበታል፣ ነዳጅ አንሶታል» ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል አይልም። እንዲያውም ሴንሰሩ ያየውን በትክክል ተናግሯል ማለት ይቀላል። ያየውን የተናገረን ሴንሰር አውጥቶ መጣል የአበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው።

የስስ አየሩ ምክንያትም ቢሆን ፉርሽ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ግን በብዙ ጋራዥ ስለሚነገር ጥቂት ልቆይበት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። በድሮው ካርቡሬተር መኪና ይህ ልዩነት ችግር ያመጣ ነበር፤ ነገር ግን ችግሩ የነዳጅ መብዛት እንጂ ማነስ አልነበረም፤ ካርቡሬተሩ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ በቆላ የለመደውን ያህል ቤንዚን ያፈስሳልና። የኔዋ ዓይነት መኪና ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምትለካው በጋለ ሽቦ ነው፤ ሽቦው የሚሰማው የአየሩን ክብደት ስለሆነ ደጋውንም ቆላውንም ራሱ ያስተካክላል። ደጋ መውጣት ብቻውን ፒ0171 የሚያበራ ቢሆን ኖሮ ከደጀን እስከ እንጅባራ መብራቱ ያልበራበት መኪና አይገኝም ነበር።

ወደምገመግመው ጋራዥ የሄድኩት በጎረቤቴ ጥቆማ ነው። ባለ ጋራዡ ዕድሜያቸው ከስልሳ የዘለለ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መሣሪያ መሰካት ሳይሆን በርጩማ አቅርበው መጠየቅ ነበር። መብራቱ ሲበራ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ገና ነበር? ዳገት ላይ ነበርክ ወይስ ቆመህ? ቤንዚኑን ከማደያ ነው የቀዳኸው ወይስ ከመንገድ ዳር ጀሪካን? ከዚህ በፊት ማን ነካው፣ ምንስ ቀየረ? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ አመነታሁ፤ የከፈልኩትን ገንዘብ መናገር አሳፍሮኝ ነበር። እሳቸውም «ወንድሜ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የነገርከኝ ሁሉ ከምርመራው ሒሳብ ላይ ይቀነስልሃል» አሉኝ፤ እንዳሉትም ቀነሱልኝ።

ከዚያ በኋላ መሣሪያቸውን ሰኩ። ሁለት ኮዶች ወጡ፤ ፒ0171 እንደገና፣ ከእርሱም ጋር ገና በጥርጣሬ መዝገብ ላይ ያለ ፒ0301። ይህኛው የመጀመሪያው ሲሊንደር እሳት እንደሚስት የሚናገር ነው። ኮዶቹን ከማጥፋታቸው በፊት በስልኬ ፎቶ አስነሡኝ፤ ቀጥለውም ፍሪዝ ፍሬም የሚባለውን ገጽ ከፈቱ። መብራቱ በበራበት ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ የመኪናው ኮምፒውተር እዚህ ገጽ ላይ ይመዘግበዋል። በኔ መኪና የተመዘገበው የሞተሩ ዙር 780፣ የውሃው ሙቀት 88 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ ዜሮ ነበር። ይህ ማለት ኮዱ የተመዘገበው መኪናዋ ሞቃ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጣት፣ ቆማ ሳለች ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ኮዱን ወዲያው ባጠፋ ጊዜ ከኮዱ ጋር ያጠፋው ይህን የመሰለ ምስክር ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ «መብራቱን አጠፋሁልህ» የሚለው የጋራዥ አነጋገር እንደ ውለታ አይሰማኝም።

ቀጥሎ ያሉት አርባ ደቂቃዎች የከፈልኩበት ዋናው ነገር ናቸው ብል አላጋነንኩም። ሞተሩን አስነሥተው ፊዩል ትሪም የሚባለውን የነዳጅ እርማት መከታተል ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ የሚበቃውን ቤንዚን ያሰላል፤ ኦክስጅን ሴንሰሩ ደግሞ ከተቃጠለ በኋላ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን አይቶ ስሌቱ በዛ ወይም አነሰ ይለዋል፤ ኮምፒውተሩም በመቶኛ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ያርማል። ጤነኛ መኪና ላይ የረጅም ጊዜው እርማት ከዜሮ ግራና ቀኝ ከአሥር በመቶ አይርቅም፤ ወደ ሃያ አምስትና ከዚያ በላይ ሲጠጋ ኮምፒውተሩ «ከዚህ በላይ ማረም አልችልም» ብሎ መብራቱን ያበራል። በኔ መኪና ሚኒሞ ላይ 24 በመቶ ጭማሪ ነበር። ነዳጅ ሰጥተው ዙሩን 2,500 ላይ ሲይዙት ግን ቀስ በቀስ ወደ 7 ወረደ። ባለ ጋራዡ ይህን ሲያዩ ፓምፑንና የነዳጅ ፊልትሮውን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ዝቅ አደረጓቸው። ቤንዚን ያነሰው በፓምፕ ድካም ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ብዙ ሲጠይቅ እጥረቱ ይብስ ነበር እንጂ አይሻሻልም ነበር። ሚኒሞ ላይ ብሶ በዙር የሚሻሻል ነገር፣ አየር ሳይለካ ከጎን የሚገባበት ቀዳዳ እንዳለ ይጠቁማል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ከማንኛውም መጽሐፍ ይሻላል፤ «አንድ ስኒ ውሃ ብርሌ ውስጥ ብትጨምርበት ጠጁ ጠጅ አይሆንም፤ ጋን ውስጥ ብትጨምረው ግን ማንም አያውቅብህም።» ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ቀዳዳው የሚያስገባው ድርሻ ትልቅ ይሆናል፤ ዙሩ ሲጨምር ቀዳዳው ያው ሲሆን የሚለካው አየር ግን ይበዛል።

ይሁን እንጂ ቀዳዳውን ወዲያው አልፈለጉም። እሳት የሚስት ሲሊንደር ያልተቃጠለ ኦክስጅን ወደ ማርሚታው ስለሚልክ ሴንሰሩ ያንን አይቶ «አየር በዝቷል» ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የእሳቱ ጉዳይ መጥራት ነበረበት። በዚህ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ የራሱ ኮይል አለው። የአንደኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያየሩ፤ ብልጭታውን የሚፈጥሩትን ካንዴላዎች ግን በየቦታቸው ተዉአቸው። ወጣቱ ረዳታቸው ካንዴላውንም አብሮ ለማቀያየር እጁን ሲሰነዝር «ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካዛወርክ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይነግርሃል?» ብለው ገሠጹት። ከዚያ እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ዳገት ነዱ። ደካማ ኮይል ሚኒሞ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ግን ብልጭታው ለመዝለል ብዙ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ ያን ጊዜ ይከዳል። ስለዚህም ነው ዓባይ በረሃ ላይ የተናጠችው መኪና ቆማ ስትነበብ ዝም ያለችው። ዳገቱን ሳንጨርስ መናጧ ተመለሰ፤ መሣሪያው ላይም ፒ0303 ወጣ። ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር ሄደ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልጠየቅኩም።

ካንዴላዎቹ ሲወጡ የኮይሉ መሞት ምክንያትም አብሮ ተገኘ። በአፋቸው ላይ ያለው ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ተበልቶ 1.5 ደርሷል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ኮይሉ የሚያመነጨው ቮልቴጅ እየጨመረ፣ ዕቃው ከዓመት ዓመት እየተንገላታ ይሄዳል። አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ። ኮይሉ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልተገኘም፤ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ የወንድሜ ልጅ አራት ቀን ፈልጎ ያገለገለ የዴንሶ ሥሪት ኮይል በአውቶቡስ ላከልኝ። ባለ ጋራዡ መለዋወጫ ባለመሸጣቸው የሚመጣው እንግልት ይህ ነው፤ ዕቃ የሚያገኝላችሁ ሰው አዲስ አበባ ከሌላችሁ አራቱ ቀን አሥር ሊሆን ይችላል። የመጣውን ኮይል ሳይገጥሙ «ደኅና ነው» አላሉም፤ ገጥመው ያንኑ ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥተው ነው ያጸደቁት።

እሳቱ ከተስተካከለ በኋላ ሚኒሞ ላይ የነበረው 24 በመቶ ወደ 19 ብቻ ወረደ። ቀዳዳው ገና አለ ማለት ነው። ትልልቅ ጋራዦች ለዚህ ሥራ ጭስ የሚያስገባ ማሽን አላቸው፤ ጭሱ በወጣበት ቀዳዳው ይታወቃል። እሳቸው ያ የላቸውም፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ፍሊት በቀጭን ቱቦ እያደረጉ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ጎሚኒና በየቱቦው መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ትንሽ ይረጫሉ። ፍሊቱ በቀዳዳው ከተሳበ የሞተሩ ዙር ይለወጣል። ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው፣ ጣት የሚያህል ጥቁር ቱቦ ታጥፎ የሚዞርበት ሲደርሱ ዙሩ ዘለለ፣ እርማቱም አብሮ ወረደ። ቱቦው ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ አውጥተው ሲያጥፉት ግን በሆዱ በኩል ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ ከፈተ። የዘይት እንፋሎትና የሞተር ሙቀት ለሃያ ዓመት ሲፈራረቁበት ላስቲኩ እንደ ቆዳ ደርቋል። ይህ ነው እንግዲህ ጠቅላላው ምሥጢር፤ 9,500 ብር የወጣበትን ሴንሰር ሲያስከስስ የከረመው ዋጋው 350 ብር የሆነ ቱቦ ነው።

ሁለት ነቀፌታዎች አሉኝ፤ ሁለቱም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ከባድ ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ በጋለ ማርሚታ አጠገብ መርጨት አደጋ አለው። ባለ ጋራዡ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ አስነሥተው ወዲያው መጀመራቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእሳት ማጥፊያ መርፌው ቀይ ላይ እንዳረፈ ቆሟል። ለባለ ጋራዡም ነግሬያቸዋለሁ፤ በሦስተኛው ጉብኝቴ ጊዜም ያው ቀይ ላይ ነበር። ሁለተኛው የጽሑፍ ጉዳይ ነው። ያን ሁሉ ቁጥር ያየሁት አጠገባቸው ስለቆምኩ ብቻ ነው። መኪናውን ትቶ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የቃል መልስ ነው፤ ምን ኮድ ነበረ፣ እርማቱ ስንት ነበር፣ ምን ተቀየረ የሚለው በአንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጥ ቀጣዩ መካኒክ ከዜሮ አይጀምርም ነበር። ረዳቱን «ለምን አትጽፍልኝም?» ብዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ እሳቸው በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት» አለኝ፤ እውነትም ከሦስት ሳምንት በኋላ የመኪናዬን ቁጥሮች ከኔ ፎቶ በተሻለ ያስታውሱ ነበር። ያም ሆኖ ወረቀት ወረቀት ነው። መዘግየቱን በተመለከተ፣ በግማሽ ቀን የሚያልቀው ምርመራ ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ አንድም የከተማው ኤሌክትሪክ ስለጠፋ፣ አንድም በመሃል ለመጣ ናፍጣ መኪና ቅድሚያ ስለሰጡ። ቀጠሮ አይያዝም፤ በጠዋት የደረሰ ይቀድማል፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ባትሄዱ ይሻላል።

ሒሳቡን ልዘርዝር። ምርመራው 1,000 ብር ሲሆን 200 ተቀነሰልኝ፤ ኮይሉንና ካንዴላዎቹን ለመግጠም፣ ቱቦውን ለመቀየርና የአየር መለኪያውን የጋለ ሽቦ ለማጽዳት በአጠቃላይ 1,500 ብር የእጅ ዋጋ ከፈልኩ። የአየር መለኪያው ሽቦ መጽዳቱ በኔ ጥያቄ አልነበረም፤ የአየር ፊልትሮዬ የጠጠር መንገድ አቧራ ጠጥቶ ስላገኙት በዚያው አጸዱት፤ ያጸዱትም ለእርሱ በተሠራው ፍሊት እንጂ በቤንዚን አልነበረም። አንዳንድ ቦታ በጨርቅና በቤንዚን ሲጠርጉት አይቻለሁ፤ ሽቦው ከፀጉር ስለማይወፍር በጨርቅ የተነካ ዕለት ያበቃለታል። ኮይሉ 4,000፣ አራቱ ካንዴላዎች 2,400፣ ቱቦው ደግሞ ከላይ ያልኩት 350 ብር ናቸው። ቱቦውን በተመለከተ ባለ ጋራዡ ተራ የውሃ ቱቦ አልተቀበሉም፤ ዘይት የሚችል መሆን አለበት ብለው ሁለት ጊዜ መለሱኝ።

በዚህ መሃል ከተማ ውስጥ 1,500 ብር አውጥቼ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ማንበቢያ ገዝቻለሁ። ስለ እርሱም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ጋራዥ ከመሄድ ይልቅ ይህን ይገዛልና። ኮዱን በትክክል ያነብባል፤ የነዳጅ እርማቱንም ያሳያል፤ ባለ ጋራዡ መሣሪያ ላይ ካየሁት ቁጥር ጋር አስተያይቼው ልዩነቱ ከአንድ በመቶ አይበልጥም ነበር። ቢቸና ወይም ሞጣ ላሉ፣ ጋራዥ በቅርብ ለማያገኙ ሰዎች እመክረዋለሁ፤ ቢያንስ መብራቱ ሲበራ ጉዞ መቀጠል ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ያሳውቃል። አደጋው «አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ለጣት በጣም የቀረበ መሆኑ ነው። ያንን የነካ ሰው ኮዱን ብቻ ሳይሆን ፍሪዝ ፍሬሙንና የራስ ምርመራ መዝገቦቹን ሁሉ ያጠፋል፤ ኮምፒውተሩም እነዚያን ምርመራዎች እንደገና ለመጨረስ ቀናት የሚፈጅ የተለያየ ዓይነት ጉዞ ይፈልጋል። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መመለስም ያው ነው። ጥገናው ልክ ከሆነ ማጥፋትም አያስፈልግም፤ ጥፋቱ ሳይታይ ሦስት ተከታታይ ጉዞ ካለፈ መብራቱ በራሱ ይጠፋል። ባለ ጋራዡ የኔን ሳያጠፉ የላኩኝ ለዚሁ ነበር፤ «ራሱ ካጠፋው አምነዋለሁ፤ እኔ ካጠፋሁት ግን አላምነውም» አሉ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ ሞተሩን ሳስነሣ፣ መብራቱ ከሌሎቹ ጋር አብሮ በርቶ አብሮ ጠፋ።

ከሦስት ሳምንትና ከ640 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሼ ሄጄ መኪናዋ ስትታይ እርማቱ ሚኒሞ ላይ 3፣ በ2,500 ዙር 1 በመቶ ነበር። ቤንዚን መጠጣቷንም ቀንሳለች፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን በማደያ ሰልፍና በጀሪካን መካከል ስለከረምኩ በሊትር አልለካሁትም። የዓባይ በረሃው ዕዳ የመጣውም በዚሁ ጉብኝት ነው። በጥርጣሬ መዝገቡ ላይ ፒ0420 የሚል አዲስ ኮድ ተቀምጧል፤ ካታላይዘሩ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ አይመስልም ማለት ነው። ባለ ጋራዡ ከካታላይዘሩ በፊትና በኋላ ያሉትን የሁለቱን ኦክስጅን ሴንሰሮች መስመር ጎን ለጎን አሳዩኝ። ጤነኛ ቢሆን የኋለኛው ረጋ ብሎ መጓዝ ነበረበት፤ የኔው ግን አልፎ አልፎ የፊተኛውን ተከትሎ ይዘልላል። ሌላ ጋራዥ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን አዲስ ካታላይዘር እንድገዛ ይነገረኝ እንደነበር አልጠራጠርም። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ጋራዥ የተገጠመልኝ ያገለገለ ሴንሰር ራሱ ንባቡን የሚያሳስት ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲሁም የማርሚታው መገጣጠሚያ ትንሽ እንደሚተነፍስ ስላዩ፣ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን አጥብቀው «ከመስቀል በኋላ አምጣት» ብለው ለዚያ ቀን የምርመራ ዋጋ ሳይቀበሉ ሸኙኝ። የድሮውን ሴንሰሬን የመጀመሪያው ጋራዥ እንዲመልስልኝ ጠይቄ «ተጥሏል» ተብያለሁ።